የጫነሽ አውሮፕላን የማን ነው?

ጡረታ መውጣቴን የሰማ ሁሉ «አሁንስ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። እስካሁን ምን ስሠራ እንደኖርሁ የጠየቀኝ ግን የለም። ቢቸና ላይ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የአውሮፕላን ቲኬት ስሸጥ ስላዩኝ ሥራዬ ያ ብቻ ይመስላቸዋል። መሸጡ የቀኔ ትንሹ ክፍል ነበር። ትልቁ ክፍል ሰው በርሮ ከተመለሰ በኋላ ይመጣል፤ በሩ ላይ ቆሞ «ማይሌ አልገባልኝም» ይላል።

ቢሮው ባለፈው ዓመት ተዘጋ። ሰዉ ቲኬቱን በስልኩ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ወንበሮቹ ባዶአቸውን ይውሉ ነበር። የእኔም ዕድሜ ደርሶ ስለነበር ቢሮውና እኔ አንድ ላይ ወጣን። ደመወዜ የሚያኖር እንጂ የሚወራ አልነበረም፤ ስለሱ ይኼው ይበቃል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አየር መንገዶች ደጋግሞ የሚሄድባቸውን ሰው አባል አድርገው ቁጥር ይሰጡታል። በበረረ ቁጥር ርቀቱ በማይል ይያዝለታል፤ ሲጠራቀም ቲኬት ይሆናል። ተነሥቶ በአንድ አውሮፕላን ካሰበበት ለሚደርስ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ጣጣው አውሮፕላን እየቀየረ ለሚሄደው ነው። እሱ በሐሳቡ አንድ ጉዞ ነው የሄደው፤ ተነሣ፣ ደረሰ። አየር መንገዱ ግን ሁለት ወይም ሦስት በረራ ነው የሚያየው፤ እያንዳንዱንም ለብቻው ይመዝነዋል። አንዱ ይገባል፣ አንዱ በግማሽ ይገባል፣ አንዱ ጭራሽ አይገባም።

ይኼን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሥራ የጀመርሁት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ዘንድ ነው፤ እሳቸው የዚያ ቢሮ አንጋፋ ነበሩ። ቀጭን፣ ኮታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ደንበኛ ሲገባ ኮምፒውተሩን አይነኩትም። ከመሳቢያቸው ባዶ የክብሪት ቀፎዎች ያወጣሉ። «መጀመሪያ መንገድህን ንገረኝ» ይላሉ። ሰውየው ሲናገር ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ቀፎ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። ከዚያ ጣታቸውን የመጀመሪያው ቀፎ ላይ አድርገው «እዚህ ላይ ማን ጫነህ?» ይላሉ። ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ፤ «እዚህስ?»

ያኔ ጥያቄው ግራ ያጋባኝ ነበር። ቲኬቱ ላይ የአየር መንገዱ ስም ተጽፎ የለም እንዴ? በኋላ ነው የገባኝ። አየር መንገዶች በሽርክና ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን አውሮፕላን በራሱ ስምና ቁጥር ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ማይሉን የሚወስነው ደግሞ የሸጠው ሳይሆን የጫነው ነው።

አንድ ቀን ከቻይና የተመለሰ ነጋዴ እየጮኸ ገባ። መንገዱን በሙሉ የሄደው በአንድ አየር መንገድ መሆኑን፣ ማይሉ ግን ግማሹ ብቻ መግባቱን ተናገረ። ጋሽ ደምሴ ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠበቁት።

«በሁለተኛው አውሮፕላን ላይ ምግብ ያቀረቡልህ ሴቶች ምን ለብሰው ነበር?» አሉት።

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «ቀይ ባርኔጣ… ከጎኑ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ የወረደበት።»

«በመጀመሪያው ላይስ?»

«እዚያማ አረንጓዴ ሻርፕ ነው ያደረጉት» አለ። ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የማይሆነውን መጀመሪያ ይናገራሉ፤ የሚሆነውን ኋላ። «ተስፋውን ቀድመህ ከሰጠኸው ቀሪውን አይሰማህም» ይሉ ነበር። ስም ሲጽፉ ደግሞ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል እየጠሩ ነው፤ ደንበኛውም አብሮ እንዲጠራ ያስገድዱታል። የታወቁ ባለ ሥልጣን እንኳ ልጅ እንደሚቆጥር ሆነው የስማቸውን ፊደላት ጮክ ብለው ሲጠሩ አይቻለሁ። «ማይሉ እስኪገባ ድረስ ቦርዲንግ ፓስህን እንደ ጋብቻ ወረቀትህ ያዘው» ብለው ነው የሚያሰናብቱት።

የቢሮው ባለቤት ይኼን ሁሉ አይወደውም ነበር። የማይል ጥያቄ ማመልከት ለቢሮው ትርፍ የለውም። «እኛ የምንኖረው በሚሄድ ሰው ነው፤ በተመለሰ ሰው አይደለም» ይል ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ቀፎዎቻቸውን መደርደር አይተዉም። ባለቤቱ የሞጣ ልጅ ስለነበር አገሩ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት የቢቸና ተወላጅ መሆኔን አስታውሶ እኔን ላከኝ። ጋሽ ደምሴ ሲሰናበቱኝ ምክር አልሰጡኝም፤ አንድ እፍኝ የክብሪት ቀፎ ሰጡኝ።

ሞጣ የመጀመሪያ ምድቤ ናት። ደንበኞቼ ጨርቅና ጫማ ሊያመጡ ቻይና የሚመላለሱ ነጋዴዎችና ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ወላጆች ነበሩ። ስለ ማይል ሳስረዳ አንድ ሽማግሌ በጥሞና ሰሙኝና «እኔ ከሞጣ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስመላለስ ነው ያረጀሁት፤ ያንን ማን ቆጠረልኝ?» አሉ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እውነታቸውን ነበር።

ከነጋዴዎቹ አንዱ አቶ ሞላ ይባላል። ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ስሙ በቲኬቱ ላይ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ስለተጻፈ የብዙ ጉዞ ማይል ለማንም ሳይሆን ተንጠልጥሎ ቀርቶበት ነበር። እሱን ማስተካከል ረጅም መጻጻፍ ጠየቀ፤ በመጨረሻ ተሳካ። ሚስቱን በዚያ ማይል ለሕክምና ባንኮክ ወሰዳት። ድና ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሞጣ ውስጥ በአጠገቡ ባለፍሁ ቁጥር ሱቁን ትቶ ይወጣል።

በኋላ የቢቸናው ቢሮ ተከፈተና በሁለቱ መካከል መመላለስ ጀመርሁ። አውቶቡሱ በደብረ ወርቅ ያልፋል። ያቺ ከተማ በሥራዬ ውስጥ ትገባለች ብዬ አላሰብሁም ነበር።

አንጓችን ያወቅኋት ቢቸና ነው። ሯጭ ናት፤ ማራቶን ትሮጣለች። አዲስ አበባ እየተለማመደች ትኖራለች፤ ቢቸና ላይ ቤት እያሠራች ስለነበር አልፎ አልፎ ትመጣለች። ስማቸው በሬዲዮ ከሚጠራው አልነበረችም። አራተኛ ትወጣለች፣ ስድስተኛ ትወጣለች፤ ከሽልማቱ አሠልጣኙም ወኪሉም ይካፈሉታል። ቀጠን ያለች፣ ስትቀመጥም ለመነሣት የተዘጋጀች የምትመስል ልጅ ናት።

«እትዬ ብርቄ፣ ማይል የሚባለውን ያውቁታል አሉኝ» አለች።

«አባል ነሽ?»

«ነኝ። ስንት አገር ሄጃለሁ መሰለዎት! ግን ስከፍተው ባዶ ነው።»

ቀፎዎቼን አወጣሁ። «መንገድሽን ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። ቲኬቷን ሁልጊዜ የሚገዙላት የውድድሩ አዘጋጆች ናቸው፤ የአባልነት ቁጥሯን ማንም አስገብቶላት አያውቅም። ሁልጊዜም አውሮፕላን ቀይራ ነው የምትሄደው፤ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ። የአባቷ ስም ይኄይስ ነው። ይኼ ስም ፓስፖርቷ ላይ አንድ ዓይነት፣ ቲኬቶቿ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተጽፏል፤ ፈረንጅ ሰምቶ ሲጽፈው ደግሞ በየጊዜው ይለያያል። ደግነቱ ቦርዲንግ ፓሶቿን አልጣለችም። በልምምድ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከውድድር ቁጥሮቿ ጋር አስቀምጣቸዋለች።

«ለምንድን ነው የምትፈልጊው?» አልኋት።

«ለአባቴ።» ወደ በሩ ተመለከተች። «ስሮጥ አይቶኝ አያውቅም።»

አባቷ መሪጌታ ይኄይስ ደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸው በቁምጣ መሮጥ ስትጀምር ቅር አላቸው፤ ከዚያም አልፎ ለዓመታት አላናገሯትም። እናቷ ስትሞት ታረቁ። ሆኖም ገንዘብ ስትልክላቸው ይመልሱታል። ለጉዞ ቲኬት ልግዛልህ ስትላቸው «ቤትሽን ጨርሺበት» ብለው ዘጉት። እሷ ደግሞ ዕድሜዋ እየሄደ ነው። ሯጭ ብዙ ጊዜ የላትም።

«እርስዎ በዚያ ያልፉ የለ? እስኪ ያናግሩልኝ» አለችኝ።

በሚቀጥለው የሞጣ ጉዞዬ ደብረ ወርቅ ወረድሁ። መሪጌታን ያገኘኋቸው ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው። ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ ዓይናቸው ሰው ላይ የሚቆይ ሽማግሌ ናቸው። ማንነቴንና የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«ገንዘብ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም መሪጌታ፣ መንገድ ነው። በአውሮፕላን የሄደችበት ሁሉ ይቆጠርላታል። ሲበዛ ለአንድ ሰው መሄጃ ይሆናል።»

«የሮጠችው ነው የሚቆጠረው?»

«የለም፤ የበረረችው።»

«ቢሆንማ የሮጠችው ነበር መቆጠር ያለበት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ቤት ይሠራበታል?»

«አይሠራበትም። ካልሄዱበት ጊዜው ሲደርስ ይቃጠላል።»

ደቀ መዛሙርቱ ትምህርታቸውን ትተው ያዳምጡን ነበር። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ አዟዟሩት። «እንግዲህ ከሚቃጠል ልሂድበት» አሉ። «ንገሪያት።»

ሥራው ተጀመረ። ጉዞዋን በየበረራው ለይቼ ማመልከት ነበረብኝ። እያንዳንዱን ስጠይቅ የቲኬቱን ደረጃ የምታመለክተውን ፊደል አያለሁ፤ ርካሽ ከሆኑት ፊደላት ጥቂቶቹ ምንም ማይል የላቸውም። አንዳንዱ በረራ የሸሪክ ያልሆነ ትንሽ አየር መንገድ ነው፤ እሱን ተውሁት። አንጓች የትኛው አውሮፕላን የማን እንደሆነ ስትረሳ የአስተናጋጆቹን ልብስ ጠየቅኋት፤ እሷ ደግሞ ልብስ አትረሳም። የስሙ አጻጻፍ ልዩነት እየተብራራ ማይሉ ቀስ በቀስ ገባ። ቀጥሎ የምትሮጠው ጀርመን ነበር፤ ማይሉ ለአባቷ መሄጃ ሊደርስ የቀረው አንድ ጉዞ ብቻ ሆነ፤ ከቻይና የተመለሰችበት።

ያ ጉዞ ግን ችግር ነበረበት። ከውድድሩ ስትመለስ ዝናብና ነፋስ የመጀመሪያውን አውሮፕላን አዘገየው፤ ሁለተኛው ትቷት ሄደ። አየር ማረፊያው ላይ በሌላ አየር መንገድ አሳፈሯት። እሱ ደግሞ ሸሪክ አይደለም። ስለዚህ ከግማሽ መንገድ በኋላ ያለው ርቀት ጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ደንብ አለው። መንገደኛው በራሱ ፈቃድ ካልቀየረ፣ መጀመሪያ በተገዛለት መንገድ እንደሄደ ተቆጥሮ ማይሉ ይሰጠዋል። ግን ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ለመጠየቂያውም ጊዜ ተወስኗል። የመጀመሪያውንም የኋለኛውንም ቲኬት ቁጥር አያይዤ ላክሁ።

ይኼ በእንዲህ እንዳለ መሪጌታ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። ፓስፖርት አወጡ፣ ለቪዛ አሻራ ሰጡ። የውድድሩ አዘጋጆች የግብዣ ደብዳቤ ስለጻፉላቸው ቪዛው ተመታላቸው። የወንድማቸው ልጅ ቤት ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ተቀመጡ። የማይል መቀመጫም ተይዞላቸው ነበር፤ ጥያቄው እስኪመለስ ለተወሰነ ጊዜ የሚቆይ።

በዚያው ሰሞን ቢቸና ላይ ኢንተርኔት ጠፋ። ስልኩም ተከተለው። መጀመሪያ ለአንድ ቀን መሰለኝ፤ ከዚያ ለሳምንት። ጥያቄውን የላክሁት ከቢሮው አድራሻ ስለነበር መልሱ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አንጓች አዲስ አበባ ሆና ትደውላለች፤ አይገባላትም። ዝምታውን እንደ ደኅና ወሬ ቆጠረችው። ልምምዷ ላይ ነበረች።

ሞጣ አንድ ባንክ ውስጥ መስመር አለ የሚል ወሬ ሰማሁ። መኪና እንደ ልብ አልነበረም፤ አንድ የእህል ጭነት ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ሄድሁ። ባንኩ ደጃፍ ብዙ ሰው ተሰልፏል። ጥበቃው አላስገባ አለኝ። ወደ አቶ ሞላ ሱቅ ሄድሁና ነገርሁት። ጥያቄም አልጠየቀኝ፤ ሱቁን ለልጁ ትቶ ከፊቴ ተራመደ። የባንኩን ሥራ አስኪያጅ በስሙ ጠርቶ «ይህች ሴት ሚስቴን ያዳነችልኝ ናት። ለትንሽ ጊዜ ወንበርህን ልቀቅላት» አለው። ሚስቱን ያዳናት ሐኪም ነው፤ ለማረም ግን ጊዜ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ተነሣልኝ። ኢሜይሌን ስከፍት መልሱ ከመጣ ቆይቷል። አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ አውሮፕላኑ በአየር ጠባይ መዘግየቱን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ከአጓጓዡ እንዲላክ። አጓጓዡን ጠየቅሁ። ቲኬቱን የሸጠው አየር መንገድ ወደ ጫነው መራኝ፤ የጫነው ወደ ሸጠው መለሰኝ። ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ አስገብቼ ጻፍሁላቸው። ሠራተኞቹ ሊዘጉ ሲነሡ እኔም ተነሣሁ። በማግስቱ ተመለስሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ራሱ ሳበልኝ። ማረጋገጫው መጥቶ ነበር። ላክሁት። የተያዘው መቀመጫ ግን በዚያው ጧት ተለቆ ሌላ ሰው ወስዶታል። ለማይል ቲኬት የሚለቁት መቀመጫ ጥቂት ነው፤ ከሄደ ሄደ።

ባንኩ ውስጥ ያለው መስመር ስልክም ነበረውና መሪጌታ ያሉበት ቤት ደወልሁ።

«መሪጌታ፣ አልሆነም» አልኋቸው። «መቀመጫው ሄዷል። ማይሉ ምናልባት ይገባ ይሆናል፤ ለዚህ ውድድር ግን አይደርስም።»

«የት ሆነሽ ነው የምትደውይው?»

«ሞጣ።»

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«ክፉ ነው።»

«እንግዲያው ደኅና ግቢ» አሉኝ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ እጀታውን ይዤ ቆየሁ። ሥራ አስኪያጁ ውኃ አመጣልኝ።

አንጓች ያን ውድድር አሸነፈች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ያሸነፈችው እሱን ነው። መሪጌታ የወንድማቸው ልጅ ስልክ ላይ ፎቶዋን አዩ፤ እጇን ዘርግታ ክሩን ስትበጥስ። ከዚያ ያልተጠቀሙበትን ቪዛ ይዘው በዓባይ ድልድይ ተመለሱ። የቻይናው ማይል የገባው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። አንድም ሳይጎድል። መልእክቱ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ጥያቄ ውድቅ ሆኖብኛል። ይኼኛው ውድቅ አልሆነም፤ ተፈቀደ። ከሁሉ የከበደኝ ግን እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አንጓች ቢቸና የመጣችው እያነከሰች ነው። የቁርጭምጭሚቷ ጅማት ታሞ ረጅም ጊዜ አስተኝቷታል። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የደከመች መሰለችኝ።

«ማይሉ እንዳለ ነው?» አለችኝ።

«አለ። ግን ማለቂያው እየደረሰ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልሄዱበት ይቃጠላል።»

«እስፔን ሥራ አግኝቻለሁ።» ውድድር አላለችም። «አሯሯጭ ነኝ። ፊት ሆኜ ፍጥነቱን እጠብቅላቸዋለሁ፤ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ሲል ከመንገዱ እወጣለሁ። አልጨርስም።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «እና አባቴ ምን ሊያይ ይመጣል እትዬ ብርቄ? ስወጣ ሊያየኝ?»

ሥራዬ ማይሉን መፈለግ ነው እንጂ ምን ላይ እንደሚውል መምከር አይደለም። «እሳቸው ይወስኑ፤ ንገሪያቸው» አልኋት።

«ብነግረው ይቀራል።»

«እንግዲያው አትንገሪያቸው፤ ወይም ማይሉን ተይው። ሁለቱም በእጅሽ ነው።»

ከዚያ የአባቷን ፓስፖርት ከቦርሳዋ አወጣች። ይዛው ነበር የመጣችው።

የማይል ቲኬቱን ሳስቆርጥ ሌላ ችግር መጣ። አባልዋ ለቤተሰብ ነው የምትሰጠው፤ የአባትና የልጅ የቤተሰብ ስም ግን አይገናኝም። የሷ የሚያልቀው በሳቸው ስም ነው፣ የሳቸው በአያቷ። ስልክ ያነሣችው የባዕድ አገር ሴት «ታዲያ እንዴት አባቷ ሆነ?» አለችኝ። በትዕግሥት አስረዳኋት፤ ስሙንም ፊደል በፊደል እየጠራሁ እሷም እንድትጠራ አደረግሁ። ተቀበለች።

መሪጌታ መሄጃቸው ሲደርስ ቢቸና ድረስ መጡ። ቀፎዎቹን ደርድሬ አውሮፕላን የሚቀይሩበትን ቦታ አሳየኋቸው። «እዚህ ይወርዳሉ፤ ሻንጣዎን አይጠይቁ፣ እሱ ራሱ ይሄዳል። በዚህ ቁጥር ወዳለው በር ይሂዱ።» ሁለተኛውን ቀፎ አንሥተው አገላብጠው አዩት። «የዚህኛው ባለቤት ሌላ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። መቋሚያቸውን ትተው እንዲሄዱ ብለምናቸው እምቢ አሉ።

ከተመለሱ በኋላ ደብረ ወርቅ ወርጄ ጠየቅኋቸው። ቤታቸው ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ጠላ ቀረበ። መቋሚያውን ፍተሻ ላይ ይዘውባቸው ምርኩዝ ነው ብለው አስለቀቁት። አውሮፕላን ሲቀይሩ አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ አደረሰቻቸው። ይኼን ይኼን ካወሩ በኋላ ወደ ሩጫው ገቡ።

«መንገድ ዳር አቆሙኝ» አሉ። «ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ነው። ብረት አጥር አለ፤ እሱን ይዤ ቆምሁ። መጀመሪያ መኪና መጣ፣ ከዚያ እሷ። ፊት ሆና! ሌሎቹ ሁሉ ከኋላዋ ናቸው። ስታልፍ አላየችኝም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እርምጃዋ ሳይዛነፍ። ይቺ የኔ ልጅ ናት ብዬ ለጎረቤቴ በአማርኛ ነገርሁት። ሰውየው አጨበጨበልኝ።»

«ከዚያስ?»

«መንገዱ ዞሮ በዚያው ይመለሳል። ስትመለስም ፊት ናት። እኔ ካለሁበት ትንሽ ራቅ ብሎ እጇን አነሣችና ወደ ዳር ወጣች። ሌሎቹ ጥለዋት አለፉ።» መሪጌታ እጃቸውን ወደ ደረታቸው አደረጉ። «ወደቀች አልሁ። እግሯ ነው አልሁ። አጥሩን ልሻገር ስል ፖሊስ ያዘኝ። መቋሚያዬን አነሣሁበት፤ ይቅር ይበለኝ። እሷ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ‹ምን ሆንሽ? ደከመሽ ወይ?› አልኋት። ‹የለም አባ፣ ሥራዬ እስከዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የነሱ ነው› አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ‹ልነግርህ ፈርቼ ነው› አለችና አለቀሰች።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ?» ወደ ውጭ አዩ፤ ተማሪዎቹ ዛፉ ሥር እየተቀኙ ነበር፤ ድምፃቸው ይሰማል። «እኔ ከዚህ ዛፍ ሥር ያስነሣሁት ሁሉ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ? አንዱ ጎንደር ነው፣ አንዱ ጳጳስ ሆኗል። እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ይኼን ልነግራት አስቤ ነበር። ላብ በላብ ነበረች፤ ብርዱ ክፉ ነው። ጋቢዬን አወለቅሁና አለበስኋት።»

«ከዚያ ወደ ማረፊያችሁ ሄዳችሁ?»

«የለም» አሉ። «እሷ እንሂድ ብላ ነበር። እኔ እንቢ አልሁ። ገና ብዙ ሰው እየመጣ ነው፤ ሽማግሌ አለ፣ የወፈረ አለ፣ እያነከሰ የሚመጣ አለ። ሁለታችን አጥሩን ይዘን የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ቆመን አጨበጨብን።»